እርሳሱን የገዛው ማን ነው?

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ይህን ደብተር ከዕቃ ክፍል ወጪ ያደረግኩት በራሴ ፊርማ ነው። ጠያቂ እኔ፣ ፈቃጅ እኔ፣ አስረካቢ እኔ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የዕቃ ክፍል ኃላፊ ሆኜ ለራሴ አንድ ነገር ስወስድ የመጀመሪያዬ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ግን ተራ ሰው ስላልሆንኩ የማስበውን መጻፍ ይገባኛል።

የወንበር ፋብሪካችን የአእምሯዊ ንብረት ክፍል ኃላፊ ሆኜ ተሾምኩ። ክፍሉ ያለው ሠራተኛ ለጊዜው እኔ ብቻ ነኝ። ጠረጴዛዬም ለጊዜው በቫርኒሽ ክፍሉና በመጸዳጃ ቤቱ መካከል ባለው ኮሪደር ላይ ነው። "ለጊዜው" ያሉት ጋሼ ናቸው፤ የፋብሪካው ባለቤትና የታላቅ እህቴ ባል። ሹመቱ በዝምድና የመጣ የሚመስለው ካለ፣ ባለፈው ሳምንት የሦስት ቀን ሥልጠና የወሰድኩት እኔ እንደሆንኩ ይወቅ። ሌላ ሰው አለመጠየቁ የእኔ ጥፋት አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። "ምርኩዝ" ብለን የሰየምነው አዲሱ ወንበራችን፣ ጉልበታቸውን ለሚያማቸውና ከመቀመጫ መነሳት ለሚቸግራቸው ሰዎች የተሠራው፣ ገዢ አገኘ። ለሆስፒታሎች ዕቃ የሚያቀርብ ትልቅ ድርጅት ነው። አራት መቶ ወንበር ይወስዳል፤ ነገር ግን ንድፉ በስማችን ተመዝግቦ የምስክር ወረቀቱን በዓይኑ ካላየ አይፈርምም። ነገ አንዱ ተነስቶ "የእኔ ነው" ቢል ጣጣው ለእሱ እንዳይተርፍ ፈርቷል። ትዕዛዙ ከቀረብን ጋሼ ከአርባው ሠራተኛ ሃያውን ሊያሰናብቱ ነው። የሃያ ሰው ኑሮ እንግዲህ ትከሻዬ ላይ ወድቋል።

አሠልጣኛችን ስልቱን በሦስት ቃል ነበር ያስቀመጡት፤ መዝግብ፣ ደብቅ፣ ክሰስ። በትልቁ ጽፌ ከጠረጴዛዬ በላይ ለጠፍኩት። የቫርኒሹ ሽታ ራሴን አዞረኝ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6

ለሠራተኛው ገለጻ ሰጠሁ። መጋዞቹ ለአንድ ሰዓት እንዲቆሙ አዘዝኩ፤ ዝምታው ራሱ ያስከብራል። ሀሳብ እንደ ዕቃ ንብረት እንደሆነ፣ እንደ ዕቃም እንደሚሰረቅ፣ የገባ ማመልከቻን ደግሞ ማንም ሰው ሄዶ ማየት እንደሚችል አስረዳሁ። አንጋፋው አናጢያችን እጃቸውን አወጡ። እንጨት ከእንጨት ማጋጠም ያስተማሯቸው ሰው ከሞቱ ሠላሳ ዓመት ሆኗቸዋል፤ ታዲያ በገጠምኩ ቁጥር ልጆቻቸውን ማስፈቀድ አለብኝ ወይ ብለው ጠየቁኝ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። በሌላ ጊዜ የሚታይ ነው ብዬ አለፍኩት።

ሚሊሜትር ከኋላ ተቀምጣ ስትሞነጫጭር ነበር። ንድፍ አውጪያችን ናት፤ ስሙን ያወጡላት አናጢዎቹ ናቸው፣ ለአንዲት ሚሊሜትር ሙሉ ቀን ስለምትከራከር። እኔን "ቁልፉ" እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ ግድ የለኝም። መጨረሻ ላይ አንድ ጥያቄ ጠየቀች። ቅጹ ላይ "የንድፉ አመንጪ" የሚል መስመር አለ፣ እዚያ ላይ የሚጻፈው ማን ነው አለች። ድርጅቱ ነው አልኳት።

"ድርጅቱ እጅ አለው?" አለችኝ።

ሥነ ሥርዓት የሚባል ነገር አልፈጠረባትም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 8

"ደብቅ" ተጀመረ። ስልክ በር ላይ ይቀራል። እንጨቱ እየታየ የሚቆረጥባቸው ፎርማዎች ከግድግዳ ወርደው ዕቃ ክፍል ተቆለፈባቸው። የፈለገ በቅጽ 3 ይጠይቃል። አንድ ሺህ ቅጽ አሳትሜያለሁ።

ከሰዓት በኋላ ማኅተም ለማስቀረጽ ስወጣ ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ቀረ። ወረፋ ነበር። ስመለስ አሥራ አራት አናጢ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። አንዱ፣ ምስጢሩማ በደንብ ተጠብቋል፣ እኛም የምንሠራውን አናውቀውም ሲል ሰማሁት። አልሰማሁም ብዬ አለፍኩ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

ቅጹን ሞላሁ። አመልካች የሚለው ላይ ድርጅቱን ጻፍኩ። የንድፉ አመንጪ የሚለው ላይ ስደርስ፣ እዚያ የሚጻፈው ሰው እንጂ ድርጅት እንዳልሆነ ከታች በደቃቅ ፊደል ተጽፏል። እስክሪብቶዬ ቆመ። ጋሼን ጠየቅኩ፤ የእሳቸውን ስም እንድጽፍ ነገሩኝ። ከዚያ ትንሽ አሰብ አድርገው፣ "የራስህንም ጨምርበት፣ ስትሯሯጥ ከርመሃል" አሉኝ። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይባላል። ጨመርኩ።

ለኅሊናዬ ስል ነገሩን በዝርዝር ላስቀምጠው። የሣለችውስ እሷ ናት። ከዓመት ከመንፈቅ በፊት ያለ ቅጽ ከዕቃ ክፍሌ አንድ ፓኮ ጠመኔ ወስዳ ፈጨችው። ከዚያ የሠራተኛውን እናት፣ አባት፣ አክስት አንድ በአንድ እያስጠራች፣ መዳፋቸውን ጠመኔ እየቀባች፣ ተራ ወንበር ላይ እያስቀመጠች "እስኪ ተነሱ" ትላቸው ጀመር። ሲነሱ እጃቸው ክንድ ማሳረፊያው ላይ ነጭ አሻራ ይተዋል። ሽማግሌ ነህ አሮጊት፣ ሁሉም የሚጫነው ጥሩ ወንበር ሠሪ ነኝ ባይ ሁሉ ከሚገምተው ቦታ ራቅ ብሎ ነው። አሻራው የበዛበትን ስፍራ ለካችና እንጨቱን እዚያው ላይ ጎበጥ አደረገችው። ያ ጉብጠት ነው ሰውየውን የሚያነሳው። መጀመሪያ የተቀመጡት የገዛ እናቷ ናቸው፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ይህ ሁሉ ሲሆን እኔ ስለ ጠመኔው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጥቻታለሁ።

እሺ። ደመወዝ የሰጣት ግን ማን ነው? እንጨቱን ያቀረበላት ማን ነው? እርሳሱን የገዛው ማን ነው? እርሳሱን እንኳ የገዛሁት እኔ ነኝ፣ ደረሰኙ አለኝ። ስሜ ቢገባበት ነውር የለውም። የጻፍኩትን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ነውር የለውም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16

የማመልከቻ ቁጥር ተሰጠን። በቃሌ ይዤዋለሁ።

አዲስ ሀሳብ የመጣለት ሠራተኛ የሚሞላው ቅጽ 5 ሥራ ላይ ዋለ፤ አራት ገጽ ነው። አንጋፋው አናጢ ማጋጠሚያው ኮላ ሳይበላ የሚጠብቅበት ዘዴ አግኝቻለሁ ብለው ወደ ኮሪደሬ መጡ። ቅጹን ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው እስከ ሁለተኛው ገጽ አነበቡና ሀሳቡ ጠፍቶብኛል ብለው መለሱልኝ። ዕድሜ ነው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 21

ወረቀት የሚከትፍ ማሽን ገባልን። አሠልጣኙ ምስጢር የሚወጣው በቆሻሻ ቅርጫት ነው ብለው ነበር። የመጨረሻው ንድፍ መዝጋቢው መሥሪያ ቤት ገብቷል፤ የቀረው ረቂቅ ከሌባ በቀር ለማን ይጠቅማል? ከሚሊሜትር መሳቢያ ሁለት ካርቶን ሙሉ አወጣሁ። ሁሉም ቀን ተጽፎበታል፤ የአሮጊቶች እጅ ተሥሎበታል፤ ዳር ዳሩ ላይ "የተላላኪው እናት፣ ግራ እጅ ይደክማል" ምናምን ይላል። ማሽኑ ጎበዝ ነው።

ከምሳ ስትመለስ የመጨረሻዎቹን ሦስት ገጾች እያስገባሁ ነበር። በሩ ላይ ቆመች።

"ጨረሱ?" አለችኝ።

ጨርሻለሁ አልኳት። ባዶውን መሳቢያ ገፋ አድርጋ ዘጋችና ሄደች። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር፤ ለጩኸት መልስ አዘጋጅቼ ነበር።

ሰኞ፣ ጥቅምት 25

ሚሊሜትር መልቀቂያ አስገባች። አንድ መስመር ናት። ጋሼ አንብበው፣ ንድፉ ገብቷል፣ ንድፍ አውጪዋ ከእንግዲህ ምን ታደርግልናለች አሉ። ትክክል ናቸው። የስልቱ ጥበብ ይኸው ነው፤ ድርጅት በሰው ላይ መንጠልጠል የለበትም።

ጠረጴዛዋን ወሰድኩ። መስኮት አለው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 5

ከመንገዱ ማዶ ያለው ፋብሪካ ምርኩዝን ሠርቶ መስኮቱ ላይ አቁሞታል። ገዢ መስዬ ገባሁ። ሻጩ "ደህና ዋሉ፣ ጋሽ ቁልፉ" አለኝ። ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ስነሳ ወደ ፊት ደፋ አደረገኝና በግንባሬ ልተከል ትንሽ ቀረኝ። ጉብጠቱ ያለቦታው ነው። ከሩቅ አይተው ነው የገለበጡት። ስወጣ ከመናደድ ይልቅ ደስ ብሎኝ ነበር። መንገዱን ስሻገር ግን ተናደድኩ።

እንግዲህ ሦስተኛው ቃል፤ ክሰስ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

የማዶው ፋብሪካ ሰዎች ቀደሙን። ወንበሩ የእኛ ነው፣ ገልባጮቹ እነሱ ናቸው ብለው በማመልከቻችን ላይ ተቃውሞ አስገቡ። ዓይን አውጣ ማለት እንዲህ ነው። የመዝጋቢው መሥሪያ ቤት መርማሪ ሁለታችንንም ለኅዳር 24 ጠርተውናል። ይዘን እንድንቀርብ የታዘዝነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ንድፉ ከመጀመሪያው ሀሳብ ተነስቶ እዚህ እስኪደርስ የተሣሉ፣ ቀን የተጻፈባቸው ረቂቆች።

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ምሳ አልበላሁም።

ዓርብ፣ ኅዳር 13

የተከተፈው ወረቀት ደግነቱ ገና ጆንያ ውስጥ ነበር። ከአንጋፋው አናጢ ጋር ሦስት ቀን ሙሉ በኮላ ስንገጣጥም ሰነበትን። እሳቸው ያልገጠሙት ነገር በምድር ላይ የለም፤ ቢሆንም እስካሁን ያገኘነው አምስት እግርና አንድ አውራ ጣት ያለው ወንበር ነው። "ይህን አስመዝግበው፣ ማንም የእኔ ነው አይልህም" አሉኝ። ሳቅኩ። ወዲያው ማልቀስ አማረኝ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ይሆናል ድስት ጥዶ ማልቀስ። ይህን ተረት ስሰማ የኖርኩት ስለ ሌላ ሰው እየመሰለኝ ነው።

ለጋሼ ነገርኳቸው። መክተፊያውን የፈቀዱት እሳቸው እንደሆኑ ማስታወስ አልደፈርኩም።

እሑድ፣ ኅዳር 15

እህቴ ቤት ዋልኩ። ጋሼ መላ አገኙ። ረቂቆቹን እንደ አዲስ እንሥላለን፣ የድሮ ቀን እንጽፍባቸዋለን። "ወረቀቱን ሻይ ቀባውና ፀሐይ ላይ አስጣው፣ ያረጃል" አሉኝ። ይህ ማጭበርበር አይደለም ወይ አልኩ፣ በልቤ። በአፌ ያልኩት "ስንት ገጽ ይበቃል?" ነው።

ሻዩን ያፈላችልኝ እህቴ ናት። ማንቆርቆሪያውን ስታቀብለኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ሰው ያደረገህ እሱ ነው፣ እንዳታዋርደው አለችኝ። ከልጅነታችን ጀምሮ እሷ ስታዝ እኔ ስታዘዝ ነው የኖርነው። እሺ እትዬ አልኳት።

ረቡዕ፣ ኅዳር 18

ለማንም ሳልናገር ሚሊሜትር ቤት ሄድኩ። ብትመሰክርልን ሻይ የተቀባ ወረቀት አያስፈልገንም ብዬ ነው። ለዚህ ብቻ ነው የሄድኩት።

እናቷ የመጀመሪያው ናሙና ላይ ተቀምጠዋል፤ ቫርኒሽ ያልነካው፣ የእርሳስ ምልክቱ ገና ያለበት። ሲያዩኝ ሊነሱ ሆነ። ይተዉ እባክዎ እያልኩ ስሮጥ፣ መዳፋቸውን ጉብጠቱ ላይ አሳርፈው ቀጥ ብለው ቆሙ። ሥዕሉን ሺህ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ወንበሩ ሰው ሲያነሳ ግን ያየሁት ዛሬ ነው።

"አንተ ነህ አይደል፣ ለልጄ ጠመኔውን የሰጠሃት?" አሉኝ።

ሚሊሜትር ወደ መስኮቱ ዞረች። ምን ብላ እንደነገረቻቸው እንጃ። አዎ አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ? መረቁኝ። ምርቃቱን አንገቴን ደፍቼ ተቀበልኩ፤ በዕድሜዬ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም።

ደጅ ስትሸኘኝ ጉዳዬን ነገርኳት። መመስከር እንደማይከብዳት፣ ግን በምን ስም እንደምትቆም እንደማታውቅ ነገረችኝ። "ቅጹ ላይ የለሁም። መንገደኛ ነኝ ብዬ ልምጣ?" አለች። ቅጹን የት አየሽው አልኳት። ማመልከቻውን ማንም ሰው ማየት ይችላል፣ ገለጻው ላይ እርስዎ ነዎት የነገሩን አለችኝ። ስትሞነጫጭር የመሰለኝ ማስታወሻ ስትይዝ ኖሯል። ከአርባ ሰው ያዳመጠኝ እሷ ብቻ ናት።

የጠየቀችው አንድ ነገር ነው፤ መስመሩ ይስተካከል። ሌላ ምንም አልፈለገችም። ገንዘብ ብትጠይቅ ለጋሼ መንገር በቀለለኝ።

ዓርብ፣ ኅዳር 20

ጋሼ እምቢ አሉ። ማስተካከል ማለት ዋሽተናል ብሎ መፈረም ነው አሉ። ሠራተኛ ነበረች፣ ለሠራችው ደመወዟን በልታለች አሉ። እኔ የጻፍኩትን ነው የሚሉት። ከእሳቸው አፍ ስሰማው አስጠላኝ።

የሣልኳቸውን ረቂቆች ሻይ ቀባሁ። አሥራ ሁለት ገጽ ጣሪያ ላይ ተሰጥቷል። ደርቆ ሳየው እኔ ራሴ አመንኩት።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 24

ከመዝጋቢው መሥሪያ ቤት መልስ። ዕቃ ክፍል ወለል ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፈው፤ መስኮቱ ጋ ሰው ያየኛል።

ክፍሏ ጠባብ ናት። ረጅም ጠረጴዛ፣ በአንድ ወገን እኔና ጋሼ፣ በሌላው የማዶው ሥራ አስኪያጅ። ሁለቱ ወንበሮች መሐል ላይ ቆመዋል። መርማሪዋ ጉንፋን ይዟቸዋል፤ ቶሎ ጨርሰው መሄድ የሚፈልጉ ይመስላሉ። መጀመሪያ ማዶኛውን ጠየቁት። ክንድ ማሳረፊያው ለምን እዚህ ላይ ጎበጠ? ለውበት ነው አለ። አሥራ ሁለቱ ገጽ ያለበትን አቃፊ ከቦርሳዬ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አደረግኩ። እኔም ያጠናሁት መልስ "ለውበት" የሚል ነበር።

ከዚያ አቃፊው ውስጥ አንድ ጉንዳን ወጣ። ቀጥሎ ሌላ። ቀጥሎ በሰልፍ። እህቴ ሻዩን ያፈላችው ስኳር ጨምራበት ነው።

ሁላችንም አየናቸው። ጋሼ አንዱን በአውራ ጣታቸው ደፈጠጡት። ሌሎቹ ወደ መርማሪዋ እስክሪብቶ አመሩ። ማዶኛው እንኳ አዘነልኝ መሰለኝ፣ ፊቱን አዞረ።

"ማስረጃው እሱ ነው?" አሉ መርማሪዋ።

አቃፊውን ወደ ጭኔ ሳብኩት። አይደለም አልኩ። ጋሼ በእግራቸው ረገጡኝ። መርማሪዋ አልተናደዱም፤ አመንጪ ተብለው ተመዝግበዋልና ጉብጠቱ ለምን እዚያ ላይ እንደሆነ ይንገሩኝ አሉኝ። ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ ስለ ጠመኔው ጀመርኩ። መዳፍ እንዴት እንደተቀባ፣ የተላላኪው እናት ግራ እጅ እንዴት እንደሚደክም፣ ነጩ አሻራ የት የት እንዳረፈ፣ እንጨቱ ስንት ጊዜ ተቆርጦ እንደተጣለ። ጉንዳኖቹ ሱሪዬ ላይ እየወጡ እኔ አላቆምኩም። ለካ ሁሉንም አስታውሳለሁ። ስቆጣት ሳያት ነበር ማለት ነው።

"ጠመኔውን የሚቀባው ማን ነበር?" አሉኝ።

"እኔ አይደለሁም" አልኩ። "ጋሼም አይደሉም።"

ስሟን ከነአባቷ ስም ነገርኳቸው። እዚህ ደብተር ላይ እንኳ ጽፌው አላውቅም።

የምንታሰር መስሎኝ ነበር። መርማሪዋ ግን አፍንጫቸውን ጠርገው በሰለቸ ድምፅ አስረዱን። ደመወዝ እየተከፈላት የሠራችው ስለሆነ መብቱ የድርጅቱ ነው፤ ይህን ማንም አይወስድባችሁም። አመንጪዋ ግን ሰው ናት፣ እውነተኛ ስሟ መጻፍ አለበት። የማረሚያ ቅጹ አንድ ገጽ ነው፤ በአሥራ አምስት ቀን አስገቡና እሷን ይዛችሁ ቅረቡ አሉ።

"ይኸው ብቻ ነው?" አልኩ።

"ይኸው ብቻ ነው" አሉ።

ሃያ ሰው፣ ሁለት ካርቶን ረቂቅ፣ ሁለት ወር ጭንቀት፣ ለአንድ መስመር። በመኪና ተመልሰን የፋብሪካው በር ላይ ስንደርስ ጋሼ፣ ከነገ ጀምሮ ወደ ዕቃ ክፍልህ ተመለስ አሉኝ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 25

እህቴ ደወለች። ውሻ እንኳ በበላበት ይጮኻል አለችኝ። ለምን እንዲህ አደረግክ ስትለኝ ጉንዳኖቹ ናቸው አልኳት። ውሸት ነው። ጉንዳን ባይወጣም አፌ "ለውበት" የሚል አይመስለኝም፤ የሚሊሜትር እናት ምርቃት ካለፈው ረቡዕ ጀምሮ አላስተኛኝም። ይህን ለእህቴ ማስረዳት አልችልም። ስልኩን ዘጋችብኝ። ከእናታችን ሞት ወዲህ ዘግታብኝ አታውቅም።

አናጢዎቹ ግን ምሳ ላይ ቦታ ለቀቁልኝ። ፎርማዎቹን መልሰን ግድግዳው ላይ ሰቀልናቸው።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 7

ገዢው አልጠብቅም ስላለ ጋሼ የማረሚያውን ቅጽ ፈረሙ። እኔ ለብቻዬ የምፈርመው መስመር ነበረው፤ "የዚህ ንድፍ አመንጪ አይደለሁም" ይላል። ፈረምኩ። ቀለል አለኝ።

መዝጋቢው መሥሪያ ቤት ስንቀርብ ሚሊሜትርም መጣች። ለጋሼ ራሷን ዝቅ አድርጋ ሰላምታ ሰጠች፤ ከዚያ አላየቻቸውም። ጠመኔ ይዤላት ሄጄ ነበር፣ በቅጽ 3 ወጪ አድርጌ። የማዶኛውን መዳፍ ቀባችና ከሁለቱም ወንበሮች አንድ አንድ ጊዜ እንዲነሳ በትሕትና ጠየቀችው። በእኛው ላይ ነጩ አሻራ ልክ ጉብጠቱ ላይ አረፈ። በራሱ ወንበር ላይ አንድ ስንዝር ያህል ራቀና ሰውየው ወደ መርማሪዋ ጠረጴዛ ደፋ አለ። ተቃውሞውን እዚያው አነሳ።

እጇን ታጥባ ሄደች። ለእኛ ብላ እንዳልመጣች ገብቶኛል።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 22

የምስክር ወረቀቱ ደረሰ። ጋሼ በመስታወት አስገብተው መሰብሰቢያ ክፍሉ ግድግዳ ላይ አሰቀሉት። ስሟ አለበት። ገዢው መጥቶ አየው፣ ጨብጦን ፈረመ። ሃያዎቹ አይሰናበቱም። አናጢዎቹ ሲሰሙ መጋዝ አቁመው አጨበጨቡ፣ እኔም ዕቃ ክፍል ውስጥ ብቻዬን አጨበጨብኩ። ጋሼ ሻይ ይዤ እንድገባ ጠሩኝ፤ ስኳሩን ለብቻው አስቀመጥኩ።

ገዢው ብርጭቆውን እያነሳ፣ ይህ ጅምር ነው አለ። ለሚመጣው ዓመት ከአልጋ መነሳት ለሚቸግራቸው ሰዎች የሚሆን ነገር ይፈልጋል፤ በዚህ ዓይነት የታሰበበት። ወረቀቱ ላይ ወዳለው ስም እያመለከተ፣ "እኚህ ሰው መቼ ረቂቅ ሊያሳዩን ይችላሉ?" አለ።

ጋሼ እኔን አዩኝ። እኔ ትሪውን አየሁ። በቅርቡ አሉ ጋሼ።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 23

ጋሼ ላኩኝ። ደመወዟ እጥፍ ይሆናል፣ ጠረጴዛዋ ከነመስኮቱ ይመለሳል፣ አንተም ይቅርታ ጠይቃት አሉኝ። ይቅርታውን ባይልኩኝም ይዤው እሄድ ነበር።

አሁን የምትሠራው ሰው ሠራሽ እግር የሚሠራ ድርጅት ውስጥ ነው። ጠረጴዛዋ ላይ አንድ ጉልበት ተፈትቶ ተዘርግቷል። በቅድሚያ ስለ ረቂቆቹ ይቅርታ ጠየቅኳት። ሰማችኝ፤ አላቋረጠችኝም። "ያሳዝኑኛል" አለች፣ "የአንዳንዶቹ እናቶች እጅ ዳግመኛ አይሣልም፤ ሞተዋል።"

ከዚያ የጋሼን መልእክት ነገርኳት፤ እጥፉን፣ መስኮቱን፣ ሁሉንም። ብሎኗን እያጠበቀች አዳመጠችኝ።

"ወንበሩ የእናንተ ነው" አለች። "ሕጉ ነው፣ አልከራከርም። እኔን ግን አላስመዘገባችሁኝም።"

ቁጣ የለባትም። ለእናቷ ሰላምታዬን እንድታደርስልኝ ስጠይቃት አደርሳለሁ አለች። ወጣሁ። አንድ ፌርማታ ያህል በእግሬ ሄድኩ።

ጋሼ በር ላይ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር። እንደማትመጣ ነገርኳቸው። ከዚያ እንደ ሥልጠናው ሰሞን በተስፋ አዩኝና፣ "ለዚህ የሚሆን ቅጽ የለም?" አሉኝ።

የለም አልኳቸው።